ቡልቡላ ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?

በሐምሌ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አዲስ አበባ፣ ቡልቡላ ማርያም ማዞሪያ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሰማይ ያያል። በሰሜን፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ማዶ፣ ቦሌ ጠቁሯል፤ ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን መብራቱን እንዳበራ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። በደቡብ፣ በአቃቂ በኩል፣ ፀሐይ ናት። ማዞሪያው ራሱ ደረቅ ነው። በቆሎ እሸት የምትጠብሰው ሴት ከሰሏን እያራገበች ነው፤ ላስቲኳን ገና አላነሳችም። ጥቂት ቆይቶ ቦሌ ይገለጣል፣ ዶፉ ወደዚህ ይሻገራል፣ ታክሲ ጠባቂው ሁሉ የሱቅ በረንዳ ሥር ይታጨቃል።

በዚያች ሰዓት ስልኩን አውጥቶ የአዲስ አበባን የአየር ሁኔታ የጠየቀ ሰው «ዝናብ» ወይም «ከፊል ደመና» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ለከተማው በጥቅሉ የተሰጠ ነው። ቡልቡላን አያውቃትም።

የሚገርመው ቡልቡላ በኢትዮጵያ ሰማዩ በንቃት ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች ቀዳሚ ከሆነው ጋር ጎረቤት መሆኗ ነው። የቦሌ ጣቢያ በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መዝገብ ቁጥሩ 63450 ነው፤ አብራሪዎች ደግሞ «ኤች ኤ ኤ ቢ» በሚሉ አራት ፊደላት ያውቁታል። ሌት ተቀን፣ በየሰዓቱ፣ «ሜታር» የሚባል አጭር ዘገባ ይወጣበታል። ነፋሱ ከየት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመጣ፣ ዐይን እስከ ስንት ሜትር እንደሚያይ፣ ደመናው በምን ከፍታ እንዳረፈ፣ ሙቀቱ፣ የአየር ግፊቱ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ይሰፍራል። ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው በነፃ ያነበዋል። ነጎድጓድ ካለ ይጻፋል። ዝናብ ካለም ቀላል ነው ወይ ከባድ ተብሎ ይጻፋል።

ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ግን አይጻፍም። ዘገባው ለአብራሪ የተሠራ ነው፤ አብራሪ ደግሞ የሚጨነቀው ለማኮብኮቢያው መርጠብ እንጂ መለኪያው ውስጥ ስለተጠራቀመው ውሃ አይደለም። መጠኑ መለካቱማ ይለካል። የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ወደ ሜትሮሎጂ መዝገብ ይገባና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ወይም የፍሳሽ ቦይ የሚነድፍ መሐንዲስ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ይወጣል። ስለዚህ አንድ የቡልቡላ ነዋሪ በግቢው የዝናብ መለኪያ ተክሎ ቁጥሩን በግል ድረ ገጹ ላይ ቢያወጣ አየር ማረፊያው የተናገረውን እየደገመ አይደለም። አጥር ማዶ ያለው ዘመናዊ ጣቢያ ለሕዝብ በየሰዓቱ የማይናገረውን አንድ ነገር እየተናገረ ነው።

የራስን ቤት ሰማይ ለክቶ ለሌላው ማሳየት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዐባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ በቆየበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ላይ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም የዘነበውን ውሃ እየለካ መዝግቧል። መዝገቡን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ነው። ለክቶ ለማሳየት ሃያ ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1840ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ሲዘዋወር የሰበሰበውን ምልከታ በመጽሐፍ ያወጣው በ1873 ነው። ሁለቱንም ያዘዛቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም። የዛሬው የቡልቡላ ወጣት ያንኑ ሥራ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ይሠራዋል፤ ፈተናው ግን ወደ በኋላ እንደምናየው ፍጥነቱ ላይ አይደለም።

መንግሥታዊው መንገድ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሚሲዮናውያን በአዳሚ ቱሉና በጋምቤላ መለካት ጀመሩ። ሥራው ወግ ያለው ቢሮ ያገኘው ግን በአውሮፕላን ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ሥር አንድ አነስተኛ ክፍል ተከፈተ። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስሙ ተቀያይሮ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። በመላ አገሪቱ ከአንድ ሺህ በላይ ጣቢያዎች አሉት። ብዙ ይመስላል፤ ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ላለው፣ ተራራና ሸለቆ ለሚፈራረቅበት አገር ግን ብዙ አይደለም። ጣቢያዎቹም የሚበዙት መንገድና ከተማ ባለበት ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ኢንስቲትዩቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የጣቢያዎቹን ቁጥር ከሳተላይት ግምት ጋር የሚያዋህድ ዘዴ ሠርቷል። ሥራውን ከመሩት አንዱ ቀድሞ በዚሁ መሥሪያ ቤት ያገለገሉት ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ናቸው። ዘዴው «ኢናክትስ» ተብሎ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻግሯል። ሳተላይቱ የሚያየው ግን የደመናውን አናት ነው። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ከሥር ዝናብ አለ ብሎ ይገምታል። የቡልቡላን ቆርቆሮ የሚመታውን ጠብታ አይቆጥርም።

ጠብታውን የሚቆጥር ሰው ግን አለ። ቡልቡላ ውስጥ፣ 93 ማዞሪያን አለፍ ብሎ በሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ነን፤ ወሩ መጋቢት ነው። እዚያ የሚኖረው ልጅ ሶፍትዌር ይሠራል፤ የጣሪያውን ቁጥር በግል ድረ ገጹ ያወጣል። ከሮቶ ማቆሚያው ብረት ጋር ቱቦላሬ አስበይዶ የነፋስ መለኪያውን ከጫፉ ላይ አስሯል፤ ሦስቱ ጥቁር ኩባያዎች ዝግ ብለው ይዞራሉ። የዝናብ መለኪያው ብቻውን ራቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ሮቶው እንዳይከልለው። ክዳኑን ነቅሎ አሳየኝ። ከላይ የደረሰው ውሃ በፈነሉ ወርዶ በሁለት የተከፈለች ትንሽ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ይንጠባጠባል። ገንዳዋ ሚዛን ላይ እንዳለች ናት፤ አንዱ ጎኗ ሲሞላ ቀጭ ብላ ትገለበጥና ውሃውን ትደፋለች፣ ሌላው ጎኗ ተራውን ይይዛል። በተገለበጠች ቁጥር ከጎኗ ያለ ማግኔት አንድ ማብሪያ ነክቶ ያልፋል፤ አንድ ንክኪ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ውሃው አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም።

ከሥር፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤቲቱ ሰፌድ ሙሉ በርበሬ ይዘው ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ላስጣው ወይስ ይዘንባል?»

«እትዬ፣ ይቺ እኮ የዘነበውን ነው የምታውቀው። የሚዘንበውን አታውቅም።»

«የዘነበውንማ እኔም አውቃለሁ!»

ሳቅንም፣ ዝም አልንም። መልሳቸው ጥያቄውን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ያለፈን ዝናብ በድረ ገጽ ማሳየት ለማን ነው? ልጁ መልስ ነበረው። ትናንት ማታ የዘነበው 12 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነገራቸው። «እና?» አሉት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት እንደሆነ፣ የእርሳቸው ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን ከ1,000 ሊትር በላይ በአሸንዳው ወርዶ ቦይ ውስጥ እንደገባ አሰላላቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ስሌት ጆሮ ያገኛል። እትዬ በርበሬውን አስጡት፤ አሸንዳውን ግን ቀና ብለው አዩት።

እኔ ድረ ገጹን የሚሠራ ብሆን ከዲግሪው በፊት፣ በትልቁ፣ «ትናንት ማታ ጣሪያዎ ላይ ስንት ሊትር ወረደ» የሚለውን አስቀምጥ ነበር።

ቁጥሩ እውነተኛ እንዲሆን ግን ከኮምፒውተሩ በፊት ብረቱና ቦታው ይቀድማሉ። ሜትሮሎጂ ሙቀትን የሚለካው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ሣር ላይ፣ ፀሐይ በማይነካው ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። ነፋስን ደግሞ በ10 ሜትር ላይ፣ ሕንፃና ዛፍ በሌለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ቡልቡላ ውስጥ ያለው ሰው ካለ ወይ ገና ቤት አልሠራም ወይ ሀብታም ነው። ቀኑን ሙሉ ከጋለ ቆርቆሮ በላይ የተሰቀለ የሙቀት መለኪያ የቆርቆሮውን ሙቀት ይነግረናል፤ ጥቁር ሮቶ አጠገብ ያለው የሮቶውን። በ2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ የመለኪያው መከለያ ርካሽ ፕላስቲክ ከሆነ በዓመት በሁለት ዓመት ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል። ነፋሱን፣ ሙቀቱንና ዝናቡን በአንድ አካል የያዙት ርካሽ ሞዴሎች በሚያሳዝን ሁኔታ ምርጫ አይሰጡም፤ ሙቀቱን ታች፣ ነፋሱን ላይ ማድረግ አይቻልባቸውም። የሚገዛ ሰው የሚለያየውን ቢገዛ ይሻለዋል። ልጁ የሙቀቱን ግቢ ውስጥ፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ሰው በሚያህል ቁመት አቁሞታል። ወደ ጣሪያው ስንወጣ አላየሁትም ነበር።

ዕቃውን ከውጭ ለሚያስመጣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መለኪያው ቁጥሩን ወደ ቤት የሚልከው በሬዲዮ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት በ915 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ኢትዮጵያ ግን ከአውሮፓና ከቀረው አፍሪካ ጋር በአንድ የሬዲዮ ቀጣና ውስጥ ናት፤ በዚህ ቀጣና እንዲህ ላሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የተለመዱት 433 እና 868 ናቸው። 915 ሞባይል ስልክ ከሚነጋገርበት ሞገድ ጥግ ላይ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ይምጣልኝ የሚል ሰው ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ቢያስነብብ ጥሩ ነው። የሬዲዮ መሣሪያ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚገባ ዕቃ መሆኑንም አይርሳ።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ትልቁ ጠላት ግን አቧራ ነው። በየቦታው ይቆፈራል፣ ይገነባል፣ ሲኖትራክ አፈር እየረጨ ያልፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ፈነሉ ውስጥ የተጠራቀመው ዱቄት፣ የርግብ ኩስ ተጨምሮበት፣ በመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ ሰፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ድረ ገጹ «0.0» ይላል። የሚያሳፍረው ይኼኛው ዜሮ ነው፤ የተበላሸ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ «ተበላሽቻለሁ» አይልምና። መድኃኒቱ ፈነሉን በየጊዜው ማጠብ፣ ከዚያ መፈተን ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክዳን በመርፌ ይበሳና ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ፈነሉ ላይ እየተንጠባጠበ እንዲያልቅ ይተዋል። የፈነሉ አፍ 214 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ ድረ ገጹ ላይ 23.4 ሚሊ ሜትር መታየት አለበት፤ ገንዳዋ 117 ጊዜ ትገለበጣለች ማለት ነው። በጣም ካነሰ ወይ ጣቢያው ዘሟል ወይ ገና ቆሻሻ አለ። በችኮላ ከተደፋበት ግን ፈተናው ራሱ ይበላሻል፤ በሐምሌ ዶፍ ጊዜም ገንዳዋ እየተገለበጠች ሳለ የሚያመልጣት ውሃ አለ። ስለዚህ ከኤሌክትሮኒኩ ጎን አንድ ተራ፣ በዐይን የሚነበብ የዝናብ መለኪያ ማቆም የጥንቁቅ ሰው ምልክት ነው።

አሁን ወደ አየር ግፊት እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ የሳበኝ እሱ ነው።

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሚሊባር አካባቢ ነው። ቡልቡላ ላይ ግን መለኪያው በእውነት የሚያነበው ወደ 770 ገደማ ነው፤ ከእኛ በላይ ያለው አየር ያን ያህል ያነሰ ነውና። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም ለዚሁ ነው። ድረ ገጹ ላይ 770 ብሎ ማውጣት ይቻላል፣ እውነትም ነው። ዓለም ግን የሚያወዳድረው ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የወረደውን ስለሆነ ለመሣሪያው የጣቢያውን ከፍታ መንገር ያስፈልጋል። በከፍታው ላይ የ10 ሜትር ስሕተት ግፊቱ ላይ 1 ሚሊባር ያህል ያዛባል። እዚህ ላይ ጎረቤት መሆን ጥቅም አለው። የቦሌ ሜታር የሚያወጣው ግፊት አውሮፕላኖች ከፍታቸውን የሚያስተካክሉበት፣ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ቁጥር ነው። ዝናብ ከአጥር ወዲህና ወዲያ ይለያያል፣ ግፊት ግን በዚህ ርቀት ያን ያህል አይለያይም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት የራስን ቁጥር ከቦሌው ጋር አስተያይቶ ማስተካከል ነው። ለንደን ወይም ናይሮቢ ያለ ባለ ጣቢያ እንዲህ ያለ መምህር ከቤቱ አጠገብ ካገኘ ዕድለኛ ነው።

ከዚያ ግራፉን ማየት። እንደኛ ባሉ ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ፀሐይ ከባቢ አየሩን በማሞቋ የሚነሣ ማዕበል ነው። ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ይወርዳል፤ ማታ 4 ሰዓት እንደገና ይወጣል፣ ሌሊት 10 ሰዓት እንደገና ይወርዳል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲነገር ለመያዝ እንዴት እንደሚቀል ልብ በሉ፤ አራት ሰዓት ከፍታ፣ አስር ሰዓት ዝቅታ፣ ቀንም ሌትም። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ይህን አይቶ ግፊቱን በማንበብ ብቻ ሰዓቱን በሩብ ሰዓት ያህል ልዩነት ማወቅ ይቻላል እስከማለት ደርሷል።

ነገሩ የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በርካታ የቤት ጣቢያዎች ማሳያቸው ላይ ፀሐይ፣ ደመና ወይም ዝናብ የሚል ሥዕል አላቸው። ሥዕሉን የሚመርጡት ግፊቱ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች በሚል ስሌት ነው። የዚህ ስሌት ዝነኛ አባት እ.ኤ.አ. በ1915 አካባቢ ለንደን ውስጥ ኔግሬቲና ዛምብራ የተባለ መሣሪያ ሠሪ ያወጣው መተንበያ ነው። ለእንግሊዝ ሰማይ ይሠራል፤ እዚያ ግፊት ከወረደ ከአትላንቲክ ዝናብ እየመጣ ነው። ቡልቡላ ላይ ግን ግፊቱ ከረፋድ እስከ አስር ሰዓት በየቀኑ ይወርዳል። ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ መስተዋት በሆነበት ቀን፣ መሣሪያው እኩለ ቀን አልፎ የዝናብ ሥዕል ሊያወጣ ይችላል። ያንን ሥዕል ወደ ድረ ገጽ ማውጣት እትዬን በርበሬያቸውን በከንቱ ማስነሣት ነው። ሥዕሉን አጥፍቶ የነገውን ለሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት መተው ይሻላል። ልጁም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የሰዓቱ ነገር ከተነሣ አይቀር። እንዲህ ላሉ ጣቢያዎች በነፃ የሚገኙት ፕሮግራሞች፣ «ዊውኤክስ»ም ሆነ «ኩሙለስ»፣ ብዙውን ጊዜ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆርጡታል። የኛ የሜትሮሎጂ ታዛቢ ግን የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት የጀመረ ዝናብ ረቡዕ ሌሊት 9 ሰዓት ቢያባራ ታዛቢው አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ የቤቱ ጣቢያ ግን ለሁለት ቀን ከፍሎ ሁለት መለስተኛ ዝናብ ያደርገዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ድረ ገጹ ቀኑን ከየት እስከ የት እንደቆጠረ ካልጻፈ ግን ነገ የሚያወዳድር ሰው ይሳሳታል። የሰርቨሩ ሰዓት በግሪንዊች ከተተወ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ቀኑ በሌሊቱ 9 ሰዓት ይገለበጣል።

ወሩም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ «የጁላይ ድምር» ሲል ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለውን ደምሮ ነው። «ሐምሌ ስንት ዘነበ?» ብሎ ለሚጠይቅ የቡልቡላ ሰው ይህ መልስ አይሆንም። ዛሬ ያሉት የኢንተርኔት ማሰሻዎች የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ያውቃሉ፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ቀኑን ወደ ሐምሌና ነሐሴ ይለውጠዋል። ሰዓታችንን ግን አያውቁም፤ ስድስቱን ሰዓት ራስ መቀነስ ነው። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ለማስገባትም ሠንጠረዡን ማስፋት ያስፈልጋል። ልፋቱ ዋጋ አለው። የኛ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይጀምርና በቀጣዩ ክረምት ጥግ ያልቃል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የሚደመር የዝናብ ግራፍ ጥቅምትና ኅዳርን ዝም ብሎ አልፎ፣ በበልግ ቀና ብሎ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሽቅብ ተወርውሮ፣ ጳጉሜን ላይ ጫፉን ይይዛል። የውሃ ባለሙያዎች ለጥናት ብለው የሚፈጥሩት «የውሃ ዓመት» ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። አዲስ አበባ በአማካይ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ከግማሽ የሚበልጠው በክረምቱ ወራት ነው። ጳጉሜን 3፣ ልጆች ዝናብ ውስጥ በሚዘሉባት የሩፋኤል ዕለት፣ መዝነቡን ለብቻው የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ብትኖርበት ደግሞ ቡልቡላ ውስጥ ከግፊቱ ግራፍ ይልቅ እሷ እንደምትከፈት እወራረዳለሁ።

መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሳምንታት የቆየው ልክ ክረምቱ በገባበት ወቅት ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚኖር ጣቢያ በዚያን ጊዜ መዝገቡ ባዶ ነው። ስለዚህ መለኪያው በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ኮምፒውተር ወይም በሚሞሪ ካርድ ላይ፣ መጀመሪያ ለራሱ መጻፍ አለበት፤ መስመር ሲመለስ ወደ ድረ ገጹ ይልካል። የጎደለው ቀን በግራፉ ላይ ባዶ ሆኖ ይታይ። ሁለቱን ጫፍ በመስመር አገናኝቶ ክፍተቱን መሸፈን ለዐይን ያምራል፤ ለክረምት ዝናብ ግን ሐሰት ነው።

ቁጥርን በሌላ ቤት ማስቀመጥም አደጋ አለው። «ወዘር አንደርግራውንድ» እ.ኤ.አ. በ1995 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ የዓለም የቤት ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ሰፊ መንደር ነው። ባለቤቱ ተቀያይሮ በአይቢኤም እጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች መረጃውን በነፃ የሚወስዱበትን በር ዘጋ፤ በሱ ላይ የተደገፉ ብዙ የግል ገጾች ባዶ ቀሩ። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የአየር ጥራት ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ የተከላቸው መለኪያዎች የከተማዋን የጭስና የአቧራ ብናኝ በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተጠቅመውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየኤምባሲው ያሉትን ቁጥሮች ማሳየት አቆመ። አየሩ አልተለወጠም፤ ሰሌዳው ተነሣ። የራሱ ገጽ ያለው ሰው ቢያንስ ፋይሉ በእጁ ነው፤ ማንም የሚያወርደው ተራ ሠንጠረዥ አድርጎ ከገጹ ግርጌ ቢያስቀምጠው ሌላ ሰው ዘንድም ቅጂ ይኖራል።

ገጹ ከባድ መሆን የለበትም። ሰዉ የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው ዳታ ነው፤ የሚሽከረከር ሥዕልና ከውጭ የሚጫን ካርታ ገንዘቡን ይበላበታል። ዝናቡ፣ ሙቀቱ፣ የመጨረሻው ቁጥር የተላከበት ሰዓት፣ አንድ ግራፍ። የቀረውን ለወደደው ሌላ ገጽ ላይ። የቡልቡላ ልጅ ማታ ማታ የቀኑን ድምር በቴሌግራም ቻናል አንድ መስመር አድርጎ ይለቅቃል፤ ከድረ ገጹ ይልቅ የሚነበበው እሱ ነው፣ ቅር አላለውም። አንድ ነገር ብቻ ከገጹ አውጥቷል፤ የቤት ውስጡን ሙቀትና እርጥበት። ሻወር የተከፈተበትን፣ ወጥ የተሠራበትን፣ ቤቱ ለሳምንት ባዶ የሆነበትን ሰዓት ለማያውቁት ሰው መንገር ነው ይላል። የጣቢያውንም ቦታ «ቡልቡላ» ብሎ ነው የጻፈው እንጂ በካርታ ላይ የግቢውን በር አላመለከተም።

አንድ ጣሪያ ብቻውን ብዙ አያወጣም። ተመራማሪዎቹ የዴልፍቱ ኒክ ፋን ደ ሂሰንና የኦሪገኑ ጆን ሰልከር «ታሞ» የተባለውን ሥራ ሲጀምሩ ያሰቡት ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ በየ30 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጣቢያ፣ በድምሩ 20,000 መትከል ነበር፤ ብዙዎቹን በትምህርት ቤቶች ግቢ። ለአዲስ አበባ ክረምት ግን 30 ኪሎ ሜትር ሩቅ ነው፤ ማርያም ማዞሪያ ደረቅ ሆኖ ቦሌ የሚሰጥምበት ከተማ ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። እንዲህ ባለ ቀን የዕለቱ ድምር ብዙ አይናገርም፤ 40 ሚሊ ሜትር ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውል ወንዙ ይችለዋል፣ ያው 40 በግማሽ ሰዓት ቢወርድ አጥር ይነቅላል። ቀጭ የምትለው ገንዳ በየደቂቃው ስለምትጽፍ ይህን ልዩነት ታሳያለች። ሰሚት ላይ አንድ፣ ገርጂ ላይ አንድ፣ ቡልቡላ ላይ አንድ፣ አቃቂ ላይ አንድ ቢኖር ዶፉ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ በደቂቃ መከተል ይቻላል። የቡልቡላ ወንዝ ዳር ላለ ሰው፣ ከላይ በኩል ያለ ጣሪያ የሚናገረው ቁጥር፣ ያለፈ ዝናብ አይደለም፤ የሚመጣ ውሃ ነው። ለእትዬ ጥያቄም ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ነው መልስ የሚገኘው።

የአየር ንብረት ሰዎች የአንድን ቦታ አማካይ የሚያወጡት ከ30 ዓመት መዝገብ ነው። ቡልቡላ ውስጥ በአንድ ቤት 30 ዓመት የሚኖር ተከራይ የለም። ልጁም ተከራይ ነው፤ አከራዩ ቤቱን ሊሸጡ እንደሚያስቡ ነግረውታል፣ ቱቦላሬውን ከሮቶው ማቆሚያ የሚቆርጥ በያጅ መፈለጉ አይቀርም። አዲሱ ቤት እዚያው ሰፈር ቢሆን እንኳ መዝገቡን በአዲስ ስም፣ «ቡልቡላ ሁለት» ብሎ፣ ከአዲስ ቦታ ፎቶና ከአዲስ ከፍታ ጋር ሊጀምር ወስኗል። የድሮው ገጽ እንዳለ ይቆያል፤ ከላዩ ላይ የተነቀለበት ቀን ብቻ ይጻፍበታል።